የበዴሳ ፈረሶችና ሁለቱ ነጭ አበቦች

ሰው እንግዳ ሲመጣበት ቤቱን ይጠርጋል። ወደ ቢሮ ሲሄድም ልብሱን አጥቦ፣ የያዘውን ነገር አጽድቶ ነው። መልካም ልማድ ነው፤ አልጠላውም። ግን የእኔ እንጀራ አረም መለየት ነበርና በሥራ ዘመኔ ሁሉ አሳር ያበላኝ ይኸው መልካም ልማድ ነው። ገበሬው ማሳውን የወረረበትን አረም ይነቅልና ሥሩን ወንዝ ወርዶ ያጥባል፤ የደረቀውን እየለቀመ ይጥላል፤ ያማረውን አበባ ብቻ በኮባ ጠቅልሎ ያመጣልኛል። ስቆጣው፣ “ታዲያ ለመንግሥት ቤት ቆሻሻ ይዤ ልምጣ?” ይለኛል። እኔ የምፈልገው ደግሞ ያንን መንገድ ላይ የጣለውን ቆሻሻ ነበር።

በቅርቡ ጡረታ ወጣሁ። ወላይታ፣ ሶዶ ከተማ ውስጥ ከአንድ የግብርና ቢሮ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነበር የምሠራው። ወንበሬን የወረሰችው ልጅ ስልኳን አበባው ላይ ትደግናለች፤ ስልኩም ስሙን ይነግራታል። አላሾፍባትም፤ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ግን ስልኩም እንደ ገበሬው ነው፣ ያማረውን አበባ ይወዳል። ይህን ስነግራት ሳቀች፤ የአሮጊት ቅናት መሰላት። ቅናትም ትንሽ አይጠፋበትም። ቢሆንም በዴሳ ላይ የሆነውን ለማንም ሳልናገር ብቀር አይሆንልኝም።

ሥራ የጀመርኩት ሃላሌ በምትባል የወላይታ ከተማ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ዘንድ ሁለት ዓይነት ተክል ብቻ ነበር፤ የሚበላና የማይበላ። የማይበላው ሁሉ አረም ተብሎ ሪፖርት ይገባል፣ አለቀ። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነበር፤ አበሉ ደግሞ ሁልጊዜ ከመንገዱ በኋላ ይመጣል። ሃላሌ ያስተማረችኝ ዳገት መውጣትና ዝም ማለት ነው። አረም መለየት የተማርኩት ወደ ሶዶ ተዛውሬ ጋሽ ጥላሁን እጅ ስወድቅ ነው።

የጋሽ ጥላሁን አባት ከሰሜን ለሥራ መጥተው ሶዶ የቀሩ ናቸው። እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት እዚሁ ነው፤ “ወላይትኛዬ ካንቺ ይጠራል” እያሉ ይፎክሩብኝ ነበር። ቆመው የተክል ስም ጠርተው አያውቁም። የቸኮለ ሰው ደጅ ላይ ሆኖ “ይኼ ምንድን ነው?” ካላቸው፣ “ግባና ተቀመጥ፤ እኔም ልቀመጥ” ይሉታል። ከዚያ የማጉያ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ኮሌታ ይወለውላሉ። ነጭ የቆርቆሮ ሳህናቸውን ያወጣሉ። አበባ የሚፈለቅቁት በግራር እሾህ ነው፤ ቢሮው መርፌ ቢሰጣቸውም አልነኩትም። “ብረት ይቀድዳል፤ እሾህ ግን ይለምናል” ይላሉ። በግራ ኪሳቸው ቆሎ፣ በቀኝ ኪሳቸው የደረቀ የአረም ራስ አይጠፋም። አንድ ቀን ተሳስተው ከቀኙ ዘግነው አፋቸው ከተቱና አላምጠው ሲያበቁ፣ “ይኼስ አልተቆላም” አሉ። እየሳቅሁ ሳህኑን ከእጄ ጣልኩት።

ጎምፍሬና የሚባለውን ወገን ያስተማሩኝ በዚያው ሳህን ላይ ነው። አንዱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየግቢው የሚተከለው፣ ቢደርቅም ቀለሙን የማይለቅ ድቡልቡል አበባ ነው። ብዙው ሐምራዊ ነው፤ ነጭም አለው። ሌላው የዱር ዘመዱ ነው። ከሌላ አገር የመጣ መጤ ስለሆነ እኛ ጋ በወላይትኛም በአማርኛም ስም አልወጣለትም። ይኼኛው ሁልጊዜ ነጭ ነው። ጋሽ ጥላሁን ከሁለቱም አንዳንድ ነጭ ራስ አስቀምጠው፣ “እነዚህን ዘመዳሞች ለዪልኝ” አሉና ወጡ። ረፋዱን ሙሉ አፈጠጥኩባቸው። ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም ነጭ፤ መንታ ናቸው። ሲመለሱ እያላበኝ ነው።

“ልጄ፣ ወጣት ሁሉ ቆንጆ ነው” አሉኝ። “አሮጌውን ጠይቂ።”

ከቀኝ ኪሳቸው ሁለት የደረቁ ራሶች አወጡ። የግቢው አርጅቶም እንደ ኳስ ክብ ነው። የዱሩ ግን ሲያረጅ እንደ ጣት ይረዝማል፤ የታች አበቦቹ ይረግፉና ጫፉ ላይ ብቻ ጸጉር የቀረው ራሰ በራ ይሆናል። ከዚያ በእሾሁ አንዷን ቅንጣት አበባ ፈለቀቁ። እያንዳንዷ ቅንጣት እንደ ታንኳ በጎበጡ ሁለት ስስ ሽፋኖች መሀል ተቀምጣለች። የግቢው ሽፋን ጀርባ ላይ ከላይ እስከ ታች ሰፊ ክንፍ አለ፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። የዱሩ ክንፍ ጠባብ ነው፤ እሱም ጫፉ አካባቢ ብቻ። ይህም ቢሆን በደንብ የሚታየው ቅንጣቷ ስትበስል ነው። “የግቢው ቆሞ ያድጋል፤ የዱሩ መሬት ለመሬት ይተኛል። ግን ነቅለው ሲያመጡልሽ ማን ቆሞ እንደነበር፣ ማን ተኝቶ እንደነበር አታይም” አሉኝ። ይህቺን የመጨረሻዋን ቃል ያኔ እንደ ዋዛ ነው የሰማኋት።

ጋሽ ጥላሁን ጡረታ ወጥተው፣ ዱቦ ሆስፒታል ታመው ተኝተው እዚያው አረፉ። ሳህኑና እሾሁ ለእኔ ቀሩ። የበዴሳው ነገር ሲመጣ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

አንድ ጠዋት ከሶዶ ብዙም ከማትርቀው ከበዴሳ ከተማ ባለጋሪዎች ተሰብስበው መጡ። ባለጋሪ ማለት ከገበያው እህል በፈረስ ጋሪ የሚያመላልስ ነው፤ ፈረሱ ከቆመ ቤቱም ይቆማል። ፊት ፊት የሚናገረው አቶ ባሳ የሚባል ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ የጎረነነ ሰው ነው። እኛ አገር አማርኛው ወንድና ሴቱን ብዙም አይለይም፤ የባሳ ደግሞ ሲናደድ ይብስበታል።

“እህቴ፣ ፈረሶቻችን ሰከሩ” አለኝ። “ጠላ አልጠጣች፣ አረቄ አልጠጣች፤ የኋላ እግሯ ግን የራሷ አይደለም። የእኔ ዳማ ትናንት ጭነት እንደያዘች ወደቀች።”

በኮባ የተጠቀለለ እፍኝ አበባ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። የበዴሳው የእንስሳት ሐኪም ሣር ሻጯ ዘነበች ከምታመጣው ውስጥ ይህን ነጭ አበባ አግኝቶ በስልኩ አስነሥቶታል። ስልኩ የዱሩን ጎምፍሬና ስም ሰጠው። ያንን አረም ፈረስ ለብዙ ጊዜ አብዝቶ ከበላው እንደሚያንገዳግደው፣ ካቆመ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንደሚሻለው ሐኪሙ ያውቃል። ወይዘሮ ዘነበች ማለት ሣር አጭዳ በሸክም ለባለጋሪዎቹ የምትሸጥ ሴት ናት። ባሏ ወገቡን ታሞ ከተኛ ወዲህ ቤቷን የያዘው ያ ሣር ነው። ባለጋሪዎቹ ጋሪ መቆሚያው ድርሽ እንዳትል ከልክለዋታል። አሁን የሚፈልጉት ነገሩ እንዲጸና የእኔን ቃል ነው።

ኮባውን ፈታሁት። ሥር የለ፣ ግንድ የለ፣ አሮጌ ራስ የለ። ገና የፈነዱ ነጫጭ ራሶች ብቻ፣ እነሱም ታፍነው ሟሙተዋል።

“የደረቁት የት ሄዱ?” አልኩት።

“ለቅመን ጣልናቸዋ! ላንቺ ቆሻሻ እናምጣ?”

እነሱ ሳይወጡ ራሷ ዘነበች ደረሰች። ቀጭን ናት፤ መዳፏ በማጭድ እጀታ ጠንክሯል። ሸክሟን በሩ ላይ አወረደችና ባሳን ሳታይ አልፋ ወደ እኔ መጣች።

“ሣሬ ንጹሕ ናት። የማጭደው ከተዘጋው ችግኝ ጣቢያ ነው፤ መርዝ የለበትም። እዪው፣ አጥቤ ነው ያመጣሁልሽ።”

አጥባዋለች። አንድ በአንድ አጥባዋለች። ሁለት ጠበኞች በአንድ ነገር ተስማምተው አየሁ፤ ማስረጃውን ጥሎ በመምጣት። ላለቅስም ልስቅም ቃጣኝ።

ተቀመጥኩ። መነጽሬን ወለወልኩ። በእሾሁ ስፈለቅቅ የቅንጣቶቹ ክንፍ ገና አልወጣም፤ ሰፊ ልሁን ይላል፣ ጠባብ ልሁን ይላል። ኃላፊያችን መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

“ማርታ፣ ሰው ቆሟል። ነው ወይም አይደለም በይ።”

“ከዚህ ላይ አላውቅም።”

“አላውቅም ተብሎ ማኅተም አይመታም!”

“እንግዲያው አይመታ” አልኩት። አንዱን ስም ብል ያቺ ሴት ዕድሜ ልኳን ፈረስ ገዳይ ናት። ሌላውን ብልና ብሳሳት ፈረሶቹ ያልቃሉ። ባለጋሪዎቹ እያጉረመረሙ ወጡ። ዘነበች ሣሯን መልሳ አሰረችና በሩ ላይ ዞር አለች።

“እህቴ፣ አንቺ አላውቅም ስትዪ እኮ ለእኔ አዎ ማለት ነው” አለችኝ። “እስክታውቂ ማን ሣሬን ይገዛል?”

ሸክሟን ተሸክማ ስትሄድ በመስኮቱ አየኋት።

ቦታው ድረስ ሄጄ ማየት እንዳለብኝ ያኔውኑ ገብቶኛል። ኃላፊያችን ግን መኪናው ጎማ ይጠብቃል አለ፤ ቀጥሎ ነዳጅ የለም አለ፤ ቀጥሎ ስብሰባ መጣ። እኔም ጠበቅሁ። ዕለት ዕለት የዘነበች ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ። በመጨረሻ ሐኪሙ ደወለ። ድምፁ ተሰብሯል።

“እትዬ ማርታ፣ የሴትዮዋን ሣር ካቆሙ ወዲህ ፈረሶቹ ባሰባቸው። የባሳው መነሣት አቅቶታል።”

“ሣሯን ትተው አሁን ምን ይበላሉ?”

“ምን ይበላሉ! ከገበያው ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ችካል ተክለው ያስሯቸዋል። ቀን በእረፍት ሰዓት ብቻ ነበር እዚያ የሚውሉት፤ አሁን ግን ውሏቸውም አዳራቸውም እዚያው ሆኗል።”

ማን ቆሞ እንደነበር፣ ማን ተኝቶ እንደነበር አታይም ያሉት ጋሽ ጥላሁን ከጎኔ የተናገሩ ያህል ብድግ አልኩ። መኪናም ማኅተምም አልጠበቅሁ፤ ሳህኑን በቦርሳዬ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። በዴሳ ስወርድ ሞተር ይዤ ሜዳው ድረስ ሄድኩ።

ዳማ በጎኑ ተኝቷል። ባሳ የፈረሱን ራስ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ውኃ በእጁ እየቀዳ ከንፈሩን ያርሳል። ሌሎቹ ፈረሶች በየችካላቸው እግራቸውን አንፈራጠው ቆመዋል። መሬቱን አየሁት። ሣሩ ተግጦ አልቋል፤ በየመሀሉ ነጭ ነጭ ነገር ምንጣፍ መስሎ ተጋድሟል። ጎንበስ ብዬ ዳበስኩት። ራሶቹ እንደ ጣት ረዝመዋል፤ ከታች ራሰ በራ ናቸው። የዱሩ ነው።

ቃሌን ብቻ እንደማይሰሙኝ ገባኝ። ሰው ልኬ ዘነበችን ማጭዷን ይዛ እንድትመጣ አስጠራኋት። ከሩቅ ሲያዩዋት ባለጋሪዎቹ ተነሡ።

“እዚህ አትገባም ተብላለች!” አለ አንዱ።

“እኔ ነኝ የጠራኋት” አልኩ። “ነገሩ እስኪያልቅ ማንም እንዳይነካት።”

ባሳ ከፈረሱ ራስ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ደም መስሏል። ዘነበች ማጭዷን ጨብጣ መሀላቸው ቆማለች። ማንም አንድ እርምጃ ቢወስድ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም ነበር። ፈራሁ።

“ወይዘሮ ዘነበች፣ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ እንደምታጭጂው አድርገሽ እዚህ እጨጂ።”

በሜዳው ዳር ፈረስ ያልደረሰበት ሣር ነበር፤ በሥሩም ያ ነጭ አረም። ጎንበስ ብላ በግራ እጇ ሣሩን ጨበጠች፣ በቀኟ ሸረከተች። ትንሽ ሸክም ሲሆን፣ ዘርግፊው አልኳትና ባለጋሪዎቹን ጠራሁ። እየበተኑ ፈለጉ። ነጩ አረም የለበትም። መሬቱን አሳየኋቸው፤ አረሙ እንደተኛ ነው፣ ማጭዱ ከላዩ አልፏል። የፈረስ ከንፈር ግን መሬት ድረስ ይወርዳል።

“ታዲያ ሐኪሙ ከሣሯ ውስጥ ያገኘው ነጭ አበባስ?” አለ ባሳ።

“የድሮ ትራፊ ካለ አምጡልኝ። እንዳታጸዱት!”

ከጋሪ መቆሚያው አጥር ሥር፣ ከሣሯ የተረፈው የተጣለበት ክምር ነበር። እዚያ ውስጥ እጄን ከትቼ ፈለግሁ፤ ፋንድያም ነካሁ፣ ግድ አልሰጠኝም። ረጅም ቀጥ ያለ ግንድ ከነአሮጌ ራሱ ወጣ፤ እንደ ኳስ ክብ ነው። ችግኝ ጣቢያው ሳይዘጋ ተተክሎ በኋላ በራሱ የተዘራ የግቢው ነጭ አበባ ነበር። “አሮጌውን መጠየቅ ነው” ብዬ ሳህኑን መሬት ላይ አኖርኩ። በአንድ በኩል ኳሱን፣ በሌላው ራሰ በራውን አስቀምጬ ከሁለቱም ቅንጣት በእሾህ ፈለቀቅሁ። መነጽሩን ለባሳ ሰጠሁት። ዳማን ቀስ ብሎ አስተኝቶ መጣና ተንበረከከ። ሰፊውን ክንፍ አየ። ጠባቡን አየ። መልሶ ሰፊውን አየ።

“ቆሞ የሚያድገው ማጭድ ውስጥ ይገባል” አልኩት። “እሱ ፈረሶቻችሁን አልነካም። የተኛው ነው የጎዳቸው።”

ዞሮ ዳማን አየ። ከዚያ፣ “እዚህ ያሰርናት እኛው ነን?” አለ። “ሣሯን ከልክለን፣ በጃችን እዚህ ያሰርናት?”

ባለጋሪዎቹ አንድ በአንድ ችካላቸውን ይነቅሉ ጀመር። አብዛኞቹ ፈረሶች እየዋለ እያደረ እግራቸውን አገኙ። ዳማ ግን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሞተ። አላውቅም ማለቴ ልክ ነበር፤ ዛሬም ያው ነው የምለው። ልክ መሆን ግን የወደቀ ፈረስ አያነሣም። ጎማና ነዳጅ ስንጠብቅ ያለፉት ቀናት የዳማ ቀናት ነበሩ፤ ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የቀረውን ሐኪሙ ነው የነገረኝ። በሚቀጥለው ገበያ ሽማግሌዎች ዘነበች ቦታዋን እንድትይዝ ፈቀዱ። ሸክሟን ደርድራ ተቀመጠች። ባለጋሪዎቹ ያፈሩም፣ ገና የሚጠራጠሩም አሉና ማንም ቀድሞ መግዛት አልቻለም። አቶ ባሳ መጣ። ፈረስ የለውም። ከሁሉ ፊት የመጀመሪያውን ሸክም ገዛና በትከሻው ተሸክሞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ገዙ።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ቢሮው አሸበረቀ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ በሚያብለጨልጭ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ። ኃላፊያችን ንግግር ላይ ሳለ በሩ ተከፈተና ዘነበች ገባች። ሸብታለች። በማዳበሪያ ከረጢት የያዘችውን ነገር ነጩ ጨርቅ ላይ ዘረገፈችው። ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ፣ ከነበሰበሰ ቅጠሉ። ጭቃው ጨርቁ ላይ ተበተነ፤ አንድ ትል ደግሞ ወደ ለስላሳው አመራ። ኃላፊያችን ንግግሩን አቋረጠ።

“አላጠብኩትም” አለችኝ።

በዚያች ክፍል ውስጥ እንደዚያ ያከበረኝ ሰው አልነበረም። መነጽሬን ፈልጌ ልቀመጥ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

“ተዪው፣ አትልፊ። አሮጌውን ጠይቄዋለሁ። ራሰ በራ ናት።”

“ከየት አመጣሽው?”

“ከእኔው ማጨጃ። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ገብታለች።” እንጀራዋ የሚበቅልበት መሬት ነው የምታወራው። “እሷ ስትበዛ ፈረስ እዚያ ሣር እበላለሁ ብላ ከገባች አለቀላት። ሌላ ሰው ገና ሳያውቅ ራሴ ሄጄ ለባሳ ነገርኩት።”

“ምን አለሽ?”

“ምን ይላል! ያንን ቦታ ትቼ አሁን ከወንዙ ማዶ ነው የማጭደው። አዲሷን ፈረስ ጠምዶ በጋሪው ያመላልሰኛል።”